ከክንፍ ሥር የተለቀቀችው

ሽማግሌው ባሌን በከዘራ የመቱት «ሳተላይቷ ወድቃ ይሆናል» ስላላቸው ነው። ባሌ እዚህ አሜሪካ አረጋውያንን ቤት ለቤት በሚንከባከብ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው እየሄደ ያጥባቸው፣ ያለብሳቸው፣ መድኃኒታቸውን ይሰጣቸው ነበር። ያን ቀን ኦሮራ ከተማ ወዳለው አፓርትማችን ሲመለስ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ አንገቱ ላይ ደርቋል። ይስቃል ደግሞ።

«ምን ሆንክ?»

«ጋሼ ተኮሱብኝ።»

ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌውን ነው፤ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አሜሪካዊ ናቸው። በወጣትነታቸው በረሃ ውስጥ በነበረ የጦር ሰፈር ሮኬት ይገጥሙ ነበር። ሠራዊቱ ሳተላይት ከመሬት ሳይሆን ከተዋጊ ጄት ክንፍ ሥር ለመተኮስ ይሞክር ነበር። ጄቱ አፍንጫውን ሽቅብ ቀጥ አድርጎ ይወጣል፣ ሮኬቱን ይለቃል፣ ሮኬቱ እሳት ይተፋል። ባሌ ይህን በእጁ እያሳየ ሲነግረኝ ስንት ጊዜ ሻዬን ደፍቶብኛል።

አብዛኞቹ ፈነዱ። አንዱ ገና መሬት ላይ ሲሞከር ፈንድቶ የጓደኛቸውን እጅ ወሰደው። ጓንቱን ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ጣቶቹ ውስጡ ነበሩ። ሌላው ከክንፉ እንደተለቀቀ አየር ላይ ተበጣጥሶ የጋለ ብረት በረሃው ላይ ዘነበ። አንዷ ሳተላይት ግን ሕዋ ወጣች ተባለ። ሩቅ አገር ያለ ጣቢያ ድምጿን አንድ ጊዜ ሰማ፤ ከዚያ በኋላ የሰማት የለም። አለቆቹ «ጠብቁ» አሏቸው። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ጠበቁ።

በረዶው መቅለጥ የጀመረ ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባሌ ደወለልኝ። «ትንሽ እቆያለሁ፣ የጋሼን አውሮፕላን ክንፍ እያጣበቅን ነው» አለኝ። ሁለቱ ከእንጨት የሠሯት ትንሽ ጄት ነበረች፤ ከግራ ክንፏ ሥር ጣት የምታክል ሮኬት አላት። ሲመለስ ቀይ መብራት የጣሰ ፒካፕ በሾፌሩ በር በኩል ገባበት። መኪናውን በመጋዝ ቆርጠው ነው ያወጡት። ፊቱን እንዳላይ ከለከሉኝ። ጫማውን ሰጡኝ፣ አንዱን ብቻ።

ደረቴን እስኪበልዝ ደቃሁ። ለቅሶ ቤቱ በሰው ሲሞላ ጮህኩ፣ ፀጉሬን ነጨሁ። «ሞተ» የሚለው ቃል ግን አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም።

ለሽማግሌው መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሠራተኛ ላከላቸው፤ ባሌ ፈቃድ ላይ ነው ተባሉ። ሠራተኛዋን በከዘራ አባረሯት። ቀጥሎም መብላት እንቢ አሉ። በሦስተኛው ቀን እሷው ደውላ «እባክሽ ነይ፣ በረሃብ ሊሞቱ ነው» አለችኝ።

የባሌ ታላቅ እህት እውነቱን ልነግራቸው መሆኑን ሰምታ ደነገጠች።

«እንዲህ በድንገት መርዶ አይነገርም፤ ልባቸው ነው ቀጥ የሚለው። መጀመሪያ አሞታል በያቸው። በሳምንቱ ጠናበት ትያለሽ።»

«ፈረንጅ ናቸው እኮ፣ እትዬ።»

«ፈረንጅ ልብ የለውም?»

በማግስቱ ጠዋት ጥቁሬን ለብሼ ሄድኩ። ጄቷን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለው ገንፎ ደርቋል።

«የት አለ?»

«ትንሽ አሞት ነው። ይጠብቁት።»

ከዘራው ጠረጴዛው ላይ ወረደ። የመድኃኒት ብልቃጦቹ ተበተኑ።

«ጠብቅ አትበይኝ! ስልሳ ዓመት ጠብቅ ብለውኛል! ከፈነዳ ፈነዳ በይኝ!»

ሁለተኛው ምት የቀኝ እጄን አንጓ አገኘው። ሕመሙ እስከ ጥርሴ ወጣ፤ ውስጤ የከረመው ሁሉ ተከትሎት ወጣ። ጄቷን ከጭናቸው ነጥቄ ከግድግዳው ጋር አላተምኳት። አልበቃኝም፤ ስብርባሪዋን በጫማዬ ረገጥኩት።

«የቆየው ለዚች ክንፍ ብሎ ነው! ሞቷል! መኪና ጨፍልቆት ሞቷል!»

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ራሴ የሆንኩ መሰለኝ። ግድግዳው ላይ ጎድጎድ ብሎ የቀረውን ምልክት እያየሁ ቆምኩ። የሽማግሌው ልብ አልቆመም። ከዘራውን ወለሉ ላይ ለቀቁት፣ ያበጠውን አንጓዬን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ወዲያው ነው የሞተው?» አሉ።

«ወዲያው ነው ብለውኛል።»

ወለሉ ላይ የተበተነውን የጄቷን ስብርባሪ አዩ።

«ሳተላይቷም ወድቃለች» አሉ። «ያኔውኑ ነው የወደቀችው።»

ገንፎውን አሙቄ አመጣሁ። ቀኝ እጄ ማንኪያ መያዝ ስላቃተው በግራዬ አጎረስኳቸው፤ ግማሹ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹን ዋጡ።