የሎሚና የአመድ ፈተና

የታሰርኩት አፈር ይዤ ነው። ውርጌሳ ኬላ ላይ ሻንጣዬ ሲፈተሽ ቁጥር የተጻፈባቸው የላስቲክ ከረጢቶች ተገኙ። ለተማሪዎቼ የላብራቶሪ ልምምድ ከሀብሩ ማሳዎች የሰበሰብኩት አፈር ነበር።

«ምንድነው ይኼ?» አለኝ ፈታሹ።

«አፈር ነው።»

«አፈር መሆኑንማ አየሁት! ቁጥሩን ነው የምልህ።»

የናሙና ቁጥር ነው ብል ማን ሊሰማኝ? ለማን እንደምሰልል ብቻ ጠየቁኝ። አብሮኝ የነበረውን ተማሪዬንም ጨምረው መርሳ ወሰዱን።

ያስገቡን የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው የማሽላ አቧራ ይሸታል፤ ጋደም ስትል ነቀዝ አንገትህ ውስጥ ይገባል። ቀድመውን የገቡ አንድ ሽማግሌ አገኘን፤ የግራና ገበሬ ናቸው። ወንድ ልጃቸው የገባበትን አልናገርም ብለው ነው የታሰሩት። «አብሽሩ» አሉን፣ ገና በሩ ሳይዘጋ። «ነቀዙ አይናከስም። የሚናከሰው ሰው ነው።»

እኔ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አብሮኝ የታሰረው ተማሪዬ ለመመረቅ የቀረው የእኔ ኮርስ ብቻ ነበር፤ አፕላይድ አናሊቲካል ኬሚስትሪ የሚባል የምርጫ ኮርስ። የጽሑፉን ፈተና ጨርሷል፤ የቀረው የላብራቶሪው ነው። ኮርሱ በዓመት አንዴ ስለሚሰጥ ይህ ካመለጠው ምርቃቱም አመለጠው ማለት ነው።

«ቲቸር፣ በቃኝ» አለኝ አንድ ጠዋት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «ከወጣሁ ባጃጅ እነዳለሁ።»

ንድድ አለኝ። ያሰሩኝ ሰዎች እንኳ እንደዚያ አላናደዱኝም።

«ባጃጁን ከተፈተንክ በኋላ ትነዳለህ። ፈተናው እዚሁ ነው።»

«እዚህ? በምን?»

«ባለን ነዋ!»

የነበረን ይኸው ነው። ሽማግሌው ለደረታቸው ሴት ልጃቸው የምታመጣላቸው ሎሚ አለ። ባለቤቴ ከወልድያ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያመጣችልኝ የከርከዴ ሻይ አለ፤ ጠባቂው «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» ሲላት ዓይን ዓይኑን እያየች ነው የጠጣችለት። ለሽንት ባልዲው ሽታ የሚሰጡን አመድ ደግሞ ሞልቷል። አመዱን በውሃ ዘፍዝፌ በሸሚዜ እጅጌ አጠለልኩት። ማንጠባጠቢያችን የሽማግሌው ባዶ የዓይን መድኃኒት ብልቃጥ፣ ብርጭቆዎቻችን የጠርሙስ ክዳኖች ነበሩ።

ከርከዴ ከሎሚ ጋር ቀይ ነው፤ የአመድ ውሃ ሲበዛበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ጥያቄዬም ቀላል ነበር። ከበሰለው ሎሚና ካልበሰለው የትኛው ይበልጥ ኮምጣጣ ነው? ሎሚው ላይ ከርከዴ ጨምረህ የአመዱን ውሃ ጠብታውን እየቆጠርክ ትለቅበታለህ፤ ቀለሙ እንደተለወጠ እጅህን ትሰበስባለህ። ብዙ ጠብታ የፈጀው ኮምጣጣው ነው። አንዲት ጠብታ ካሳለፍክ ውጤትህ ይቀንሳል።

ከቀትር በኋላ፣ በመስኮቱ ብርሃን ሲገባ ጀመርን። ልጁ በላብራቶሪ ደንብ መሠረት ብልቃጡን ሦስት ጊዜ አለቀለቀ። ሽማግሌው ተገረሙ።

«እናንተም ሦስት ጊዜ ነው የምታጥቡ? እኛም ለሶላት ውዱእ ስናደርግ ሦስት ነው።» የውሃ ጆጋቸውን ወደ ልጁ ገፋ አደረጉለት። «በል ይኸንንም ውሰድ። እኔ የዙሁሩ ውዱእ አለኝ፤ ለቀጣዩም ሶላት ይበቃኛል።»

«ቢስሚላህ» አለ ልጁ፣ ማንጠባጠብም ጀመረ። ባጃጁን ረስቶታል።

የመጨረሻው ክዳን ላይ ሲደርስ በሩ በእርግጫ ተከፈተ። የጠባቂዎቹ አዛዥ ነው፤ አንዱ በስንጥቅ አይቶን ነግሮታል። ልጁ ደንግጦ ብልቃጡን ጨመቀው።

«ምንድነው የምትቀምሙት?»

ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። የወጣው የክፍል ውስጥ ድምፄ ነው፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

«ፈተና ላይ ነን። ተፈታኙ ሳይጨርስ ሰው አይገባም። ውጭ ይጠብቁን።»

ሽማግሌውም ካሉበት ሆነው «ልጄ፣ አንዳፍታ ብትቆም ምን ትሆናለህ?» አሉት። አዛዡ ክዳኖቹን አየ፣ እኔን አየ፣ የበሩ ደፍ ላይም ቆመ። ወደ ልጁ ዞር ብዬ «ጨርስ» አልኩት። ቁጥሮቹን በቃሉ ደምሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ፤ ኮምጣጣው ያልበሰለው ነው አለ። ልክ ነበር።

«ጨረሰ?» አለ አዛዡ።

«ጨርሷል። አሁን መግባት ይችላሉ።»

ገብቶ ሁሉንም ደፋው። ከዚያ እኔን ውጭ ጠሩኝ። ለብዙ ጊዜ በግራ ጎኔ መተኛት አልቻልኩም።

ስመለስ ሽማግሌው ደግፈው አስተኙኝ። ልጁ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለ።

«ቲቸር… ስንት አገኘሁ?»

ሳቄ መጣ፤ ጎኔ ግን አላስቅ አለኝ። «ቢ።»

«ቢ? ኧረ በአላህ ቲቸር! በሩን እኮ በእርግጫ…»

«ሁለት ጠብታ አሳልፈሃል።»

የተፈታነው የውጤት ማስገቢያው ጊዜ ሊዘጋ ሲል ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ምስኪን፣ ኤ ስጠውና ይገላገል» አለኝ። እምቢ አልኩ። ኤ ብሰጠው እስር ቤት አብረው ስለነበሩ አዝኖለት ነው ይባላል። ቢው ግን በእጁ ያገኘው ነው፤ ማንም አይነካበትም።

ልጁ ዛሬ ሲሪንቃ አካባቢ አፈር ይመረምራል። ሽማግሌውም ከእኛ ዘግይተው ተፈቱ፤ ልጃቸው የት እንዳለ እስከ መጨረሻው አልተናገሩም። በሎሚ ወራት ተማሪዬ በግራና በኩል ሲያልፍ የእሳቸውን ሎሚ ያመጣልኛል። ባመጣ ቁጥር ያንኑ ክርክር ያነሳል።

«ቲቸር፣ ጥፋቱ እኮ በሩን የረገጠው ሰውዬ ነው።»

«እንግዲያው ሄደህ እሱን ክሰስ» እለዋለሁ።

ብርድ ሲሆን ጎኔ አሁንም ያመኛል። ውጤቱ ግን አይቀየርም።