አለሽ ወይ ብሎ መጠበቅ

ሥራ የጀመርኩት ከሚሴ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር በነበረች ካሴት ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድም ሙዚቃ አልሰማሁም። ባለቤቱ ጋሽ ተሾመ ጥጥና የአልኮል ጠርሙስ ሰጡኝና የቴፕ ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበው ብረት፣ እንዴት እንደሚጸዳ አሳዩኝ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ነው የሚጠረገው። እስከ ዙህር ሶላት ድረስ ስድስት ቴፕ ጠረግኩ። ስጨርስ አዲስ ጥጥ አንስተው አንዱን ራሳቸው ጠረጉት፣ ጥጡን በብርሃን አዩት፣ ነጭ ነበር፤ ጣሉት። መቀጠሬን ያወቅኩት በዚያ ነው።

ያኔ ከባሌ ተለያይቼ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ለምን እንደተለያየን እዚህ አልጽፍም። የሚመለከተው ሰው ያውቀዋል።

ካሴት ቤቱ የራሱ ማዕረግ ነበረው። ጠራጊ ሄድ ያጸዳል። አጠንጣኝ ካሴቱን በእስክሪብቶ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። ማስተሩን፣ የሚቀዳበትን ዋናውን ካሴት፣ መንካት የሚችለው ቀጂ ብቻ ነው። ቀጂ ለመሆን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከእኔ በኋላ የመጡ ሁለት ወንዶች በጥቂት ወራት ቀጂ ሆኑ። ጋሽ ተሾመን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «የአንቺ እጅ ለጽዳት የተፈጠረ ነው» አሉኝ። ያመሰገኑኝ መስሏቸዋል።

ቀጂ ስሆን የሰጡኝ ትምህርት አንድ ነው፦ «ዘፈኑን አትስሚ፤ መርፌውን እዪ።» የድምፁን ልክ የሚያሳየው መርፌ ቀዩን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ከወረደ ደግሞ ሹሹታ ይገባል። ለዓመታት ዘፈን የሰማሁት በዓይኔ ነው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ መርፌው ይተኛል። እኔ የምወደው ያንን ቦታ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ወደ ሚሌ የሚመላለስ ሹፌር ካሴት ይዞ መጣና «ይህን ቅጂልኝ» አለ። የጥቁር አሜሪካውያን ራፕ ነበር። ቋንቋውን አላውቀውም። መርፌው ግን ይዘላል፣ ይዘላል፣ ድንገት ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል። ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅሻል?» አለ ሹፌሩ።

«አባቴን መስሎኝ።»

አባቴ የሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነበር። ለደገኛው በአማርኛ፣ ለአገሬው በኦሮምኛ፣ ለአፋሩ በአፋርኛ፣ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ እያቀላቀለ በሬውን ከቀንዱ እስከ ጭራው ያወርደዋል። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞሮ «ሰጠህ?» ይልና ዝም ይላል። አፉ የማያርፍ ሰው ዝም ሲል ገዥም ሻጭም ይጨንቃቸዋል። አንዳቸው መልስ ይሰጣሉ። ልጅ ሆኜ «አባ፣ ለምን ታቆማለህ?» ብለው፣ «ያወራሁት እንዲሰማ ነዋ! ደላላ የሚሸጠው ዝም ሲል ነው» አለኝ።

አሁን ወጣቶች መጥተው ወደ ሂፕ ሆፕ ማን እንዳመጣኝ ይጠይቁኛል። የሚጠብቁት የውጭ ዘፋኝ ስም ነው። የሰንበቴ ደላላ ስላቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ራፕ ፍጥነት የሚመስለው ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሰማው።

የሹፌሩን ካሴት ከቀዳሁ በኋላ ባዶ የካሴት ካርቶን ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ገበያ፣ ስለ አስፋልቱ፣ ሲያልፉኝ ስለማያዩኝ ሰዎች። ጋሽ ተሾመ ካርቶኖቹን ከባንኮኒው ሥር አገኟቸው። ሱቁ በሰው ሞልቶ ነበር። አንዱን አነሱና ጮክ ብለው አነበቡት።

«ዘሃራ፣ ይሄ ግጥም ነው ወይስ ፍየል እየሸጥሽ ነው?»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያንን ሳቄን ለራሴ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። ጋሽ ተሾመ ዛሬ አርጅተዋል፤ በየተቀመጡበት «ዘሃራን ያገኘኋት እኔ ነኝ» ይላሉ። ያገኙት ካርቶኑን ነው።

ሩቅያ ከካሴት ቤቱ አጠገብ ልብስ ትሰፋ ነበር። ያን ቀን ሳቁን በሯ ላይ ቆማ ሰምታዋለች። ለምሳ ስወጣ ጠራችኝ።

«ነይ እስቲ፣ ለእኔ በይው።»

«ለመሳቅ ነው?»

«ካሳቀኝ እስቃለሁ። ሳልሰማው ግን አልስቅም።»

እግሯ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ነበር። እኔ ስጀምር እሷ መስፋቷን አላቋረጠችም። የመኪናውን ምት ተከትዬ ሄድኩ። «አለሽ ወይ?» የሚለው ስንኝ ጋ ስደርስ እግሯን አቆመች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ «ጂራ!» አለችና ፔዳሉን መልሳ ረገጠች። በኦሮምኛ አለሁ ማለቷ ነው።

ማንም አላስተማራትም። እኛ አገር ዱዓ ሲደረግ አሚን የሚል አለ። መንዙማ ሲወጣ አውጪና ተቀባይ አለ። ብቻውን የሚለፈልፍ ሰው ታሞ ነው ይባላል። እኔ አውጪ፣ እሷ ተቀባይ ሆንን።

ደንባችን እንዲህ ነበር። ሁለት ስንኝ፣ አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ አራት ምት ባዶ። ባዶው የእሷ ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በኦሮምኛ ትመልሳለች። ከአራቱ ምት በየትኛው ላይ እንደምትመልስ አስቀድማ አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቃትም። አንዳንዴ ጥያቄዬ ከአፌ ሳይወጣ ትቀበለኛለች። አንዳንዴ አራተኛው ምት ሊያልቅ ሲል፣ ሰዉ ትንፋሹን ይዞ፣ እኔም ጭምር ፈርቼ፣ «ጂራ!» ትላለች። በሕይወቴ ሰው ጠብቄ ያልተቆጨሁት በእነዚያ አራት ምቶች ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ ካሴት ቀርቶ ስልክ ሲመጣ፣ ጨፋ ሮቢት አንድ ሠርግ ላይ ጠሩን። ወጣቶቹ ስልካቸውን አነሱ፣ እናቶቹ ግን ከሩቅያ ጋር መመለስ ጀመሩ። «አለሽ ወይ?» ስል ድንኳኑ በሙሉ «ጂራ!» አለ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው «ይሄ ሂፕ ሆፕ የምትሉት እኛ ዘንድ ድሮም ነበር እኮ፤ ስሙን ነው ያላወቅነው» አሉኝ። ሩቅያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

የምመኘው አንድ አልበም ነበር። ለማንም አሳታሚ ሳልፈርም፣ በራሴ ስም፣ እኔ እንዳልኩት የሚወጣ። አንድ የአዲስ አበባ አሳታሚ በሰው በሰው ስልኬን አግኝቶ ደውሎ ነበር። «ግጥሙን ይስጡንና አንዲት ወጣት ትጫወተዋለች፤ ለቪዲዮ ያመቻል» አለ። ፊቴን አይቶት አያውቅም፤ ዕድሜዬን ብቻ ነው የሰማው። ስልኩን ዘጋሁበት። በራሳችን እንቀዳለን ብለን ከሩቅያ ጋር ደሴ ሄድን።

ባለስቱዲዮው ካሳሁን ይባላል። ሩቅያ የስፌት መኪናዋን ሚኒባስ ላይ አስጭና አምጥታው ነበር።

«እትዬ፣ ልብስ ልትሰፉ ነው የመጣችሁት?» አለ።

«ምቱ ይሄ ነው» አለችው ሩቅያ።

«ምት ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ።»

መኪናው ኮሪደር ላይ ቀረ። ካሳሁን ከበሮ የሚመስል ምት ሠራልንና ለሁለታችን ሁለት ማይክ ተከለ። ሩቅያ እግሯ አላርፍ አለ፤ ወለሉን ትመታለች፣ ማይኩም ይቀዳዋል። ጫማዋን አስወልቆ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አቆማት። ባዶ እግሯን ብርድ ልብሱ ላይ እየረገጠች፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ በሁለት ቀን ስምንቱንም ዘፈን ተቀበለችኝ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «አሁን ብሞት ድምፄ አለ» አለችኝ። «አፍሽን!» አልኳት።

ከሳምንት በኋላ ካሳሁን ደወለ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ባዶ ቦታው በዛ። ሰው ስልኩ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ባዶውንም መልሱንም ላውጣው? ይፈጥናል። ዘፈኑም የእርስዎ ብቻ ይሆናል።»

ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር ለዓመታት እዚህ ላይ አቆም ነበር። ካሳሁን ቆረጠው፣ የከተማ ሰው ዝምታ አይገባውም እላለሁ፤ ሰውም ያዝንልኛል። የመለስኩለትን አልናገርም ነበር። «እንደፈቀድክ» ነበር ያልኩት። «የእርስዎ ብቻ» ያለው ቃል ደስ ብሎኝ ነው። ያ ካርቶን ተነብቦ ከተሳቀብኝ ቀን ጀምሮ የእኔ ብቻ የሚባል ነገር ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ካሳሁን ላይ ቂም አለኝ፣ በየአፍታው እትዬ ማለቱን ጨምሮ። ይህ ጥፋት ግን የእሱ አይደለም።

አልበሙን ሚሞሪ ላይ ዘፈን ለሚጭኑ ሱቆች በእጄ እየዞርኩ ሰጠሁ። በሳምንቱ ባጃጆች ያጫውቱት ጀመር። በከሚሴ አስፋልት ላይ የራሴ ድምፅ ሲያልፍ ሰማሁ። ፈጣን ነበር። «አለሽ ወይ?» ይላል፣ መልስ ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ስንኝ ይሮጣል። ደግሞ «አለሽ ወይ?» ይላል፣ ይሮጣል። ሰዎች ወደዱት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሩቅያ አስጠራችኝ። በሯ ላይ ባጃጅ ቆሞ ያው ዘፈን ይጫወት ነበር። እሷ ቀሚስ እየጠቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ዘሃራዬ፣ የት ሄድኩ?»

«ካሳሁን ነው።»

«ሳይጠይቅሽ?»

«ሳይጠይቀኝ።»

«ወላሂ በይ።»

ዝም አልኩ። ለሌላ ሰው ቢሆን በተናደድኩ፣ በጮህኩ፣ እንዴት ትጠረጥሪኛለሽ ባልኩ። ከሩቅያ ጋር ግን ሥራችን ዝምታ መስማት ነበር። እስኪበቃት ጠበቀችኝ። ከዚያ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ ስፌቷን ቀጠለች። እኔም ወጣሁ።

አልተጣላንም። ስንገናኝ «አካም ጂርታ?» ትለኛለች፣ ደህና ነሽ ማለት ነው፤ «አልሐምዱሊላህ» እላታለሁ። ሌላ ሠርግ ሲጠሩን «እግሬን ያመኛል» አለች። በዚያው እግሯ ቀኑን ሙሉ ትሰፋ ነበር። በኋላ ልጇ ባቲ አገባችና እሷም ተከትላት ሄደች። የስፌት ክፍሏ ዛሬ የስልክ ካርድ ይሸጥበታል።

ብቻዬን አምስት ዓመት ሠራሁ። ቤቴ ውስጥ አንዱን ክፍል ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ አድርጌ ስቱዲዮ አደረግኩት። ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ሄድፎን። መልሱን ራሴ ለመቅዳት ሞከርኩ፤ ራሷን በመስኮት የምትጠራ ሴት ድምፅ ሆነ፣ ሰረዝኩት። አንዲት ድምፀ መልካም ወጣት አስመጣሁ። ሁሌ አንደኛው ምት ላይ ትመልሳለች።

«ትንሽ ጠብቂ» አልኳት።

«እስከ ስንት ልቁጠር?»

ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ አራቱን ምት ባዶ እተወዋለሁ። አድማጮች ቅጂው ተበላሽቷል ብለው ይጽፉልኛል። አልመልስላቸውም።

ባለፈው ዓመት ደሴ ሄጄ ካሳሁንን ያልተቆረጠውን ጠየቅኩት። ባልወደውም እውነቱን መጻፍ አለብኝ፦ ሁሉንም አስቀምጦት ነበር። በፍላሽ ሰጠኝ። «እኔም የወደድኩት ይህኛውን ነበር፤ እርስዎ እሺ ሲሉኝ ነው የቆረጥኩት» አለ። ስምንቱንም ዘፈን ከነባዶው፣ ከነመልሱ፣ ከነብርድ ልብሱ እርግጫ መልሼ አወጣሁት። ርዕሱ ላይ የሩቅያን ስም ከስሜ አስቀደምኩ። ከወጣ በኋላ እንደቀድሞው ባጃጅ ላይ አልተሰማም። ስልክ ቁጥሯን ከልጇ ተቀብዬ በቴሌግራም ላክሁላት። ሥሩ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ጠይቆኝ ነበር። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አይታዋለች፤ ሁለቱ ምልክት ወጥቷል። እስካሁን አልመለሰችም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር አየዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የቴሌ መልእክት ነው።

ራፕ መሥራት የሚፈልጉ ልጆች ከሚሴ ላይ በዝተዋል፤ እኔ ዘንድም ይመጣሉ። ማይኩ ምን ዓይነት ይሁን፣ ምቱን ከየት እናውርድ ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አብሯችሁ ድምፁን የሰጠ ሰው ካለ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ጠርታችሁ አስቀምጡትና አሰሙት። እሱ እሺ ካላለ አትቁረጡ። በስልክም አትወስኑ።