ሙዝ ቤት የገባው ሻርዶኔ

አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው መንደራችን ላንቴ ውስጥ መሬት አለኝ የሚል ሰው ሙዝ አለኝ ማለቱ ነው። እኔ ግን ከአስራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ዝዋይ አንድ የወይን እርሻ ውስጥ ጥቂት ወራት ሠርቼ፣ ሲገረዝ የሚጣለውን የሻርዶኔ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ተመለስኩ። ሻርዶኔ ነጭ ወይን ጠጅ የሚወጣው ዘር ነው።

"ይሄን ሁሉ መንገድ ማገዶ ተሸክመሽ መጣሽ?" አለኝ አባቴ።

ለምኜም ተጨቃጭቄም ከሙዙ ዳር አንዲት ቁራጭ መሬት አስለቀቅኩት። ስምምነታችን አጭር ነበር፦ የመጀመሪያው ፍሬ የሚጠጣ ነገር ካልወጣው ሐረጉ ተነቅሎ ሙዝ ይተከላል፣ እኔም ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ። አክስቴ ቤት ልጅ ከማዘል ሌላ ሥራ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

ቅርንጫፎቹን ተከልኩ፤ በሁለተኛው ዓመት ሐረጉ ዘለላ ያዘ። ጠርሙስ ልፈልግ አርባ ምንጭ ሄጄ ሁለት ቀን ዘመድ ቤት አደርኩ። ስመለስ ግማሹ ሐረግ ባዶ ነው።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩልሽ" አለች እናቴ፣ ምስጋና እየጠበቀች። "ሙዝ ቤት አስገብቼዋለሁ።"

ሙዝ ቤት የምንለው ጥሬ ሙዝ ተቆርጦ፣ በቅጠል ተሸፍኖ የሚበስልበት ክፍል ነው። ገብቼ ቅጠሉን ገለጥኩ። ዘለላዎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ አረንጓዴ፣ ጠውላጋ። አንዱን ብቀምስ ጥርሴን አጠረሰው።

"እማዬ፣ ወይን ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም።"

"ሙዝ ይበስላል፣ ማንጎ ይበስላል፤ ያንቺ ወይን ማን ስለሆነ ነው የማይበስለው? አምስት ቀን ታገሺ።"

መታገስ አላውቅበትም። ጮህኩባት። ዛሬም የሚያሳፍረኝ ቃል ከአፌ ወጣ። አባቴ ጩኸቱን ሰምቶ መጣና ክፍሉን አየ።

"እንግዲህ ፍሬሽ ይሄው" አለ።

"ግማሹ ገና ሐረጉ ላይ ነው" አልኩት።

እናቴን አያት፣ እኔን አየኝ። "በይ ግማሹን አሳዪን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እኔን ሳታናግር ወይኑን ያዘችው። ወፍ ታባርራለች። ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ ትቀምስና "ገና" ብላ ትተፋለች። ጎረቤቶች ቆም እያሉ "መቼ ነው የሚጠቁረው?" ሲሏት "ነጭ ነው፣ አይጠቁርም" ትላቸዋለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ወይን ስታመርት የኖረች ይመስል። አረንጓዴው ቀስ እያለ ወደ ወርቅማነት ዞረ። አንድ ጠዋት ሳትተፋ ዋጠች።

"ዛሬ ነው" አለችኝ። ከጠባችን ወዲህ ያናገረችኝ ያን ቀን ነው።

አብረን ጨመቅነው። ነጭ ወይን ከልጣጩ ጋር አይቆይም፤ ጭማቂውን አጥልለን ጀሪካን ውስጥ ጨመርን፣ ክዳኑን ላላ አድርገን ጥላ ሥር አስቀመጥነው። ፈልቶ፣ ረግቶ ሲጠራ አምስት ጠርሙስ ብቻ ወጣው። እውነቱን ልናገር፣ ዝዋይ እንደቀመስኩት አይደለም፤ ትንሽ ይጎመዝዛል። ሽታው ግን ጥሬ ማንጎ ሲቆረጥ ያለውን ይመስላል፤ ወድጄዋለሁ።

አባቴ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳ። "ጠጅ እንዳልለው ማር የለው፣ ቦርዴ እንዳልለው አያጠግብ" አለና ጠጣ። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ዘረጋልኝ።

"ተው እንጂ፣ ለእንግዳ ይቀመጥ" አለችው እናቴ።

በማግስቱ ጠዋት ከወይኑ አጠገብ ያለውን ያረጀ የሙዝ ጉቶ ሲነቅል አገኘሁት።

"በአንዱ ሐረግና በሌላው መካከል ስንት እርምጃ ነው የሚተወው?" አለኝ ቀና ሳይል።

"ሁለት።"

"በማን እርምጃ?"

"በአንተ" አልኩት፤ የእሱ ይረዝማል።