ያልታየው ሕልም

ሊያስሩኝ ከመጡት ሁለት ሲቪል ለባሾች አንደኛው መጀመሪያ የራስ ምታት መድኃኒት ጠየቀኝ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ነበር የምሠራው። ደንበኛ መስሎኝ ሰጠሁት፤ ውሃ ሲለምነኝም ቀዳሁለት። ኪኒኑን ዋጠ፣ አፉን ጠረገ፣ ከዚያ መታወቂያውን አሳይቶኝ "ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ" አለኝ። ነጩን ጋውን እንዳወልቅ እንኳ ፋታ አልሰጡኝም። የታሰርኩት "መድኃኒታችሁን አትጣሉ" ብዬ በመጻፌ ነው። ሰውየው መድኃኒቴን ውጦ ማሰሩ እስከ ዛሬ ሲያስቀኝም ሲያንገበግበኝም ይኖራል።

የጻፍኩት ረጅም ነገር አልነበረም። ከእንጦጦ ግርጌ ድንኳን ተክሎ፣ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ፣ ራሱን አጥማቂ ብሎ የሾመ ሰው ነበር። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን፣ ስኳር ያለባቸውን፣ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ያለባቸውን እየሰበሰበ "ከኪኒኑና ከጠበሉ አንዱን ምረጡ" ይላቸዋል። ድንኳኑ በር ላይ በርሜል አለ። ሰዎቹ እየተሰለፉ መድኃኒታቸውን በርሜሉ ውስጥ ይጥላሉ፤ ሕዝቡ እልል ይላል። የሰፈራችን ደብር አገልጋይ ቄስ "መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው" እያሉ ያስተምራሉ፤ ግን የእሳቸው ድምፅ ከቅጥሩ አያልፍም፤ የሰውየው ድምፅ ማጉያ ተራራውን ያናውጣል። በየወሩ የሚመጡ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሲቀሩብኝ ዝም ብዬ ቆየሁ። አንደኛው የቀረበትን ምክንያት ቀብሩ ላይ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ፌስቡክ ላይ በስሜ ጻፍኩ፤ ይህ ሰው በሕግ ይጠየቅ አልኩ። የተጠየቅሁት እኔ ሆንኩ። ክሱ "የሕዝብን እምነት ማንቋሸሽና ሁከት መቀስቀስ" ይላል።

የጣቢያው የሴቶች ክፍል ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ በላይ ምን ቀለም እንደነበረ አይታወቅም። በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ምስማር ሁሉ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። በትንሿ መስኮት የእንጦጦ ብርድ ይገባል፤ ከብርዱ ጋር የባሕር ዛፍ ሽታ፣ ነፋሱ ሲመች ደግሞ የዚያው ድምፅ ማጉያ ጩኸት። ልታሰር የበቃሁበትን ሰው ድምፅ እየሰማሁ መታሰሬ ምን ያህል እንዳቃጠለኝ መናገር አልችልም።

እንግዳ ሲገባ መሐል ላይ ቆሞ የመጣበትን ጉዳይ መናገር የክፍሉ ሕግ ነበር። የእስረኞቹ አለቃ፣ ወሰን ሰፈር ጋራዦቹ አጠገብ ምግብ ቤት የነበራቸው ወፍራም ሴትዮ ናቸው፤ ሁላችንም "ካቦ" እንላቸዋለን፣ ፊት ለፊት ሲሆን "እትዬ"።

"በምን መጣሽ?" አሉኝ።

"ስለ አንድ አጥማቂ ጽፌ ነው።"

አንዷ ከጥግ "ጠበል ሰድበሽ ነዋ!" አለች።

"ጠበል አልሰደብኩም። ሰውየውን ነው የተቃወምኩት።"

ካቦ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "አንቺ ራስሽ ታምኛለሽ ግን?"

"አዎ" ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። "አላምንም፣ እትዬ" አልኩ።

መኝታዬ መጸዳጃው በር ሥር ተደረገ። ከየቤቱ የሚመጣው ስንቅ በአንድ ትሪ ተደርጎ በጋራ ነው የሚበላው፤ ያን ቀን ትሪው ሲከበብ ለእኔ ቦታ ጠፋ። አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ ወደ ጎን ተጠግታ "ነይ እዚህ" አለችኝ። መንገድ ዳር ጎመን ስትሸጥ ከደንብ አስከባሪዎች ጋር ተጨቃጭቃ የገባች ነበረች። አጠገቧ ጠበል የያዘች ቢጫ ጀሪካን አለች።

"ለምን አስጠጋሽኝ?" አልኳት።

"ውሸት አቅርበውልሽ አልወሰድሽም" አለች። "እዚህ ሁሉም ሰው ምንም ሳያደርግ ነው የገባው። አንቺ ግን ሰው ዘንድ የሚያስጠላሽን ነገር በአፍሽ ተናገርሽ።"

ስንጨዋወት ነው የሰማሁት። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ለዓመታት ወድቃ አታውቅም። ከዚያ ጎረቤት ድንኳኑ ወሰዳት።

"ኪኒኑስ?" አልኳት፤ መልሱን እያወቅሁት።

"ጣልኩት። ቤት የቀረውንም እህቴ ወንዝ እንድትጥለው አዘዝኳት። እሱ ሲያጠምቀኝ ጮህኩ፤ መንፈሱ 'ወጣሁ' አለ። የወጣን ነገር በኪኒን ምን አደርገዋለሁ? ቃል ገብቻለሁ።"

"መንፈስ አይደለም'ኮ። የአንጎል ሕመም ነው። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ይብሳል፤ ይገድላል!"

ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሯል። ክፍሉ በአንድ አፍ ተነሳብኝ። "ተያት! እምነቷን አትንኪ!" አሉ። እምነቷን አትንኪ የሚለው ሕዝብ ኪኒኗን ሲነኩባት የት ነበር? ይህን ጥያቄ ያን ቀን ጠየቅኳቸው።

በማግሥቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ማተቡን ከሸሚዙ አውጥቶ ያሰረ፣ ቁጣ የማይታይበት ሰው ነው። ሻይ አዘዘልኝ።

"ሰው የፈለገውን ቢያምን አንቺን ምን አገባሽ?"

"መድኃኒት አዳይ ነኝ። የሰጠሁት መድኃኒት በርሜል ውስጥ ሲጣል ያገባኛል።"

"ችግሩ ቀላል ነው። በስልክ እንቀርጽሻለን፤ የሕዝቡን እምነት በማንቋሸሼ ይቅርታ በይ፤ ከሰዓት ቤትሽ ነሽ።"

"እርስዎ እናትዎ የስኳር መድኃኒት ቢያቋርጡ ዝም ይላሉ?"

ሻዩን ከፊቴ ወደ ራሱ ሳበና "አስገቧት" አለ።

ልጅቷ የወደቀችው ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ፌስታሏን ከምስማር ልታወርድ ተንጠራርታ ሳለ አንድ ጊዜ ጮኸችና ሲሚንቶው ላይ ተዘረረች። ክፍሉ በሙሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መንፈሱ እንዳይተላለፍባቸው ነው፤ ማንም አልነካትም። "ክብሪት! ክብሪት አምጡ!" የሚል ጩኸት ሆነ። ሴቷ ዘብ ክብሪቱን በበሩ ቀዳዳ ወረወረችው። እዚያ ቤት ክብሪት ክልክል ነበር፤ ለዚህ ሲሆን ግን ወዲያው ተገኘ። አንዷ ጭራ ጭሱን ወደ ልጅቷ አፍንጫ ስታስጠጋ ከእጇ ነጥቄ ረገጥኩት።

"ልትገድያት ነው?" አለችኝ።

"አንቺ ነሽ የምታቃጥያት! ዞር በይ፣ አየር ስጫት!"

ጋውኔን አጣጥፌ ከራሷ ሥር አደረግሁ፤ በጎኗ አስተኛኋት። መንፈራገጡ እስኪቆም አጠገቧ ተንበረከክሁ። ምላሷን ነክሳዋለች፤ ልብሷ ርሷል። ካቦ ነጠላቸውን አውልቀው ጣሉላት፤ ቀድመው የቀረቡት እሳቸው ናቸው።

"ይህ ነገር ይደገማል?" አሉኝ በቀስታ።

"ይደገማል። አንዱ ሳይቆም ሌላው ከመጣባት ሐኪም ቤት ሳንደርስ ታልቃለች።"

ከሰዓት እህቷ ስንቅ ይዛ ስትመጣ ስንቅ የሚቀበሉት ካቦ ነበሩ፤ ሁሉንም ነገሯት። እህትየዋ አለቀሰች፤ ከዚያ ኪኒኑን ወንዝ እንዳልጣለችው ተናገረች። ልቧ እምቢ ብሏት ከዱቄቱ ዕቃ በስተጀርባ ደብቃዋለች። በነጋታው ይዛው መጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በጣቢያው ደንብ ስንቅ ያመጣ ሰው በዘቡ ፊት መቅመስ አለበት። እህትየዋ ወጡን ቀመሰች፤ ከጠበሉም ተጎነጨች። ዘቧ ቀጥላ ኪኒኑን ከፌስታሉ አወጣችና "ይህንንም ቅመሺ" አለቻት። "የእሷ መድኃኒት'ኮ ነው" ብትላትም "ደንብ ደንብ ነው" አለች። ጤነኛዋ ልጅ የሚጥል በሽታ ኪኒን ዋጠች። ያን ቀን ወሰን ልትወርድ ታክሲ ውስጥ ተኝታ፣ ሰፈሯን አልፋ ስትመለስ መገናኛ ላይ ረዳቱ ቀስቅሶ እንዳወረዳት በኋላ ሰማን። ለክፍሉ መሳቂያ ሆነ፤ እኔም ስቄያለሁ። ስቄ ሳበቃ ግን ተናደድኩ። በዚህች አገር ኪኒን የሚመረመረው እስር ቤት በር ላይ ነው፤ ድንኳኑ በር ላይ ለሚባለው ነገር ቅመስ የሚባል ሰው የለም።

ኪኒኑ ገባ፤ ልጅቷ ግን አልዋጠችም። "ቃሌን አላፈርስም" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለመንኳት፣ አስረዳኋት፣ ተቆጣኋት። ምንም።

ካቦ ክንዴን ይዘው ወደ መጸዳጃው በር ሳቡኝ። "ሕልም ነው የሚያስፈልጋት" አሉኝ በጆሮዬ። "ነጭ የለበሱ ሽማግሌ መጥተው ኪኒኑን ትዋጥ አሉኝ እላታለሁ። ወዲያው ነው የምትውጠው።"

"አላዩም'ኮ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ትሙት? አንቺ ዝም በይ ብቻ። ሌላ ምንም አልልሽም።"

ዝም አልኩ። ምን ልበል? ካቦ ወደ መሐል ወጥተው ሕልሙን ተናገሩ፤ አሳምረው ነው የተናገሩት። የሽማግሌውን ጢም፣ የመቋሚያውን ድምፅ ሳይቀር። ክፍሉ እልል አለ። ልጅቷ ተነስታ ተቀመጠች። ኪኒኑን መዳፏ ላይ አስቀመጠች፤ ጠበሉን በኩባያ ቀዳች። ወደ አፏ ልታደርገው ስትል ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

"ስትንሾካሾኩ አይቻለሁ" አለች። "አንቺ ንገሪኝ። እውነት አይተዋል?"

ካቦ በሴቶቹ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝ፤ ዓይናቸው ይለምናል። ራሴን ብነቀንቅ ኪኒኑ ጉሮሮዋን ያልፍ ነበር። ያን አጥማቂ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ጠልቼው አላውቅም። ሰውን ሁሉ አታሎ፣ አታሎ፣ አሁን ደግሞ እኔንም ሰው ለማዳን ስል የማታልል ሊያደርገኝ ነው። ደግሞም አሰብኩ፤ ዛሬ በካቦ ሕልም ብትውጠው ነገ ከነገ ወዲያ ጎረቤቷ ሌላ ሕልም አይቶ ያስተፋታል። አሰብኩ ብዬ ልጻፍ እንጂ ያን ጊዜ ብትሞትስ የሚለው ብቻ ነበር በጆሮዬ።

"አላዩም" አልኳት።

አንዷ ሰደበችኝ። እጄን ዘርግቼ ኩባያውን የያዘውን እጇን ያዝኩ። "ሕልም አላዩም። እንድትሞቺ ስላልፈለጉ ነው የተናገሩት። እኔንም የላከኝ የለም፤ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ይህን እየዋጥሽ ዓመታት አልወደቅሽም፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ትተሽው ትናንት ወደቅሽ፤ ሁላችንም አይተናል። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም።"

ወደ ካቦ ዞረች። "እትዬ?"

ካቦ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። "ምን ላድርግ ታዲያ፣ ልጄ?" አሉ።

ውጪ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል። ልጅቷ ኪኒኑን እያየች "ቃል የገባሁት ለእግዚአብሔር መስሎኝ ነበር" አለች። "ለሰውየው ነው ለካ።" ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። ማንም እንዲደግፋት አልፈቀደችም። አማተበች፤ ኪኒኑን በጠበሉ ዋጠች። ኩባያውን አጥባ ደፋችው።

እሷ ከእኔ ቀድማ ተፈታች። እኔ ይቅርታ ሳልጠይቅ በዋስ ወጣሁ፤ መድኃኒት ቤቱ ግን ስሜ ደንበኛ ያሸሻል ብሎ አሰናበተኝ። አሁን ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ሌላ ቦታ እሠራለሁ። የተማሩ ወዳጆቼ ዛሬም "የሰው እምነት ውስጥ ምን ዶለሽ? ያጽናናውን ተዪለት" ይሉኛል። በጨዋነት ነው የሚሉት፤ እኔም በጨዋነት መመለስ ያቅተኛል። የማንንም መጽናኛ አልወሰድኩም። የሚጸልይን ሰው ጸሎት አቋርጬ አላውቅም። ነገር ግን አንድ ሰው በእግዚአብሔር ስም መድኃኒት ጣል ሲል "ማን ነገረህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የሚሆንበት አገር ያሳፍረኛል። ድንኳኑ አሁንም እንደተተከለ ነው። አስፍተውታል።

በቀደም በወሰን ሳልፍ ልጅቷን መንገድ ዳር አገኘኋት። ጎመን እየሸጠች ነው፤ ፊቷ ሞላ ብሏል። አንዲት ገዢ ልጇን ወደ ድንኳኑ ልትወስድ መሆኑን እየነገረቻት ነበር፤ መድኃኒቱን ዛሬ ማታ እንደምትጥለውም ጭምር።

"ጠበሉን አጠጪው" አለቻት ጎመኑን እያሰረች። "ኪኒኑን ጣይ ያለሽን ሰው ግን እሱ ራሱ ሲታመም የት እንደሚታከም ጠይቂው።"

ሴትየዋ ደነገጠች። "እንዴ! አንቺ አታምኚም እንዴ?"

"አምናለሁ" አለች። "አምኜ ልሞት ነበር።"