ብርቅዬ የጋረደችው መስኮት

ቡራዩ ውስጥ አራስ በማረስ ብርቅዬን የሚስተካከላት የለም። እሷ ያልገባችበት የአራስ ቤት ቢኖር ተኳርፈው መሆን አለበት። ገብታ መጀመሪያ የምታደርገው መስኮቱን በብርድ ልብስ መጋረድ ነው። "ምች አይምርም! የሰው ዓይንም እንደዚያው" ትላለች። ከዚያ ገንፎውን እሷ ታገነፋለች፣ ሕፃኑን እሷ ታጥባለች፣ እንግዳም በእሷ ፈቃድ ይገባል። ማን አባቱ ይናገራታል!

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ አገር በተናወጠበት ሰሞን የገዛ ልጇ ፀደንያ ወንድ ልጅ ወለደች፤ የመጀመሪያዋን። ከጤና ጣቢያ ቤት እንደገቡ የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ። ለሥራ አምቦ የሄደው የፀደንያ ባል ሉቃስ እዚያው ቀረ። መብራት ጠፋ፣ ስልኩም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ውጪ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል። ብርቅዬ በብርድ ልብሱ ላይ ሌላ ብርድ ልብስ ደረበች፤ አሁን የምትከላከለው ምችም፣ ዓይንም፣ ድንጋይም ነው። ቀኑ ከሌሊቱ አልለይ አለ።

"እማዬ፣ ታፈንኩ። ትንሽ ክፈቺው" አለች ፀደንያ።

"ዝም በይ፣ አራስ ነሽ!" አለቻት እንጂ እሷም ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

ሕፃኑ ግን አያለቅስም። "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!" እያለች ኮራችበት። ይተኛል፣ ደግሞ ይተኛል። በኋላ ፀደንያ "ጡት እምቢ አለኝ፣ ብቀሰቅሰውም አይነቃም" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ብርቅዬ ሻማውን ወደ ፊቱ አስጠጋች። በሻማ ሁሉ ነገር ቢጫ ነው፤ ምን ይታያል? መስኮቱን አየችው። ሁለቱንም ብርድ ልብሶች ገፈፈቻቸው።

ወይኔ ልጄን! ፊቱ እርድ መስሏል። የዓይኑን ቆብ ገለጥ ስታደርገው ነጩም ቢጫ ነው። "እኔ ነኝ የደበቅሁት" አለች ጮክ ብላ።

በጋቢ ጠቅልላው ተነሳች። ፀደንያ ግድግዳ እየተደገፈች ተከተለቻት። አራስ ያለ ብረት አትወጣምና ከትራስ ስር ያለውን ቢላዋ ልታስይዛት ነበር፤ "ኧረ እማዬ! በዚህ ቀን ቢላዋ ይዤ?" ስትላት ተወችው። ከደጅ ሲወጡ መንገዱን የዘጉት ወጣቶች ከበቧቸው።

"እማማ፣ የያዝሽው ምንድን ነው?" አላት አንዱ።

"ሕፃን ነው።"

"አሳዪን።"

ስንቱን እንግዳ ከደጅ የመለሰች ሴት! ከኋላዋ ያ ቤት፣ ከፊቷ ድንጋዩ፤ ወዴት ትሂድ? በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ዓይን መሀል፣ ጋቢውን ገለጠችው።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ኢቲቻ ጠጋ ብለው አዩትና "እትፍ፣ እትፍ! ያሳድግልሽ" ብለው መረቁት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረው በኦሮምኛ ተቆጡ። ድንጋዩ ተነሳ፤ ከቆሙት ባጃጆች አንዱ ጫናቸው።

ሆስፒታል "የወፍ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ብርሃን ነው" ብለው ዓይኑን ብቻ ሸፍነው፣ ራቁቱን ሰማያዊ መብራት ስር አስተኙት። አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ ብርቅዬም ማንንም አልከለከለች። ነርሷ መብራቱን ልታስተካክል ስትጠጋ ግን ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

"አደራሽን ልጄ፣ እንዳታጠፊው።"