ሆቴል ያደረችው እናት

ሰው ማደሪያ ሲመርጥልኝ አልወድም። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ለስብሰባው፣ ለሥልጠናው እያሉ ያልላኩኝ ከተማ የለም ማለት ይቻላል። የትም ብሄድ ታዲያ የማርፍበትን ሰፈር የምመርጠው ራሴ ነኝ። ሻንጣዬን ሳልፈታ ሰፈሩን አንድ ጊዜ እዞረዋለሁ። በጠዋት የሚከፍት ሱቅ ካለ፣ ሴቶች በራፍ ላይ ቁጭ ብለው የሚጫወቱ ከሆነ፣ እዚያ አድራለሁ። ጭር ያለ ሰፈር ግን ወርቅ ቢያነጥፉልኝ አይመቸኝም።

ሀርጌሳ ላይ ይህ ዕድል አልገጠመኝም። ልጄ መረጠችልኝ።

ልጄ እዚያ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ሒሳብ ተምራ፣ ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ሲያቅታት በጅግጅጋ አድርጋ ሄደች። ጡረታ እንደወጣሁ ልያት ብዬ ተነሳሁ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ለማየት ብቻ አልነበረም የሄድኩት፤ ልመልሳት ነበር። የወንድሜ ልጅ እዚህ አዳማ እሱ ካለበት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ አግኝቶላት ነበርና የምትሞላው ፎርም ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ለእሷ አልነገርኳትም። ኑሮዋን በዓይኔ አይቼ፣ የጎደለውን አንድ በአንድ ይዤ፣ ከዚያ ፎርሙን አውጥቼ ጉልበቷ ላይ ላስቀምጥ ነበር ሐሳቤ። እኔ ነገር ሳላዘጋጅ አልጀምርም።

የት ልረፍ የሚለው ላይ ምክር አልጠፋም። ድሮ ከዚያ ጨርቅ እያመጣች ትነግድ የነበረች ጎረቤቴ፣ ዋሄን ገበያ አጠገብ ካላረፍሽ ሀርጌሳን አየሁ ብለሽ እንዳታወሪ አለችኝ። ልጄ ግን በስልክ፣ ዋሄን ጫጫታ ነው፣ አየር ማረፊያው አካባቢ ጥሩ ሆቴል አለ፣ ጄኔሬተር አለው፣ ጸጥታም አለው አለች። አንቺስ የት ነው ያለሽው ስላት መሐመድ ሞጌ የሚባል ሰፈር አለችኝ። እዚያስ ባርፍ ብላት፣ ሩቅ ነው፣ አቧራ ነው፣ የሚታይ ነገር የለውም ብላ ወሬ ቀየረችብኝ። ቅር አለኝ። እናት ልጇ ያለችበት ከተማ ሄዳ ሆቴል ስታድር የት አገር ነው የታየው? ግን ይሁን ብዬ ዋጥኩት።

ሆቴሉ በውነቱ ነቀፋ አይወጣለትም። አንሶላው ነጭ፣ ውሃው የሚወርድ፣ የእንግዳ መቀበያው ሰው ደግሞ ቀና ብሎ የማያየኝ ጨዋ። ሀርጌሳም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደስ አለችኝ። አየሩ እንደፈራሁት አያቃጥልም፤ ማታ ማታ እንዲያውም ነጠላ ያስደርባል። ሰዉ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሴቱ የለበሰው ቀለም ዓይን ይይዛል። ግን በመስኮት ባይ ባይ፣ ከአጥርና ከሚያልፍ ታክሲ በቀር ምንም የለም። ልጄ ጠዋት መጥታ ታየኛለች፣ እራት አብራኝ ትበላለች፣ ከዚያ ነገ ሥራ አለኝ ብላ ትሄዳለች። አንድ ቀንም ነይ ቤቴን እይው አላለችኝም።

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ደበቀችኝ? ወንድ ይሆን? በሽታ ይሆን? ያቺ ሒሳብ ተምራ ቢሮ የምትሠራ ልጄ፣ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አፌን ሞልቼ ያወራሁላት ልጄ፣ ሰው የማይገባበት ቤት ነው እንዴ የምትኖረው? ፎርሙን አውጥቼ አየሁትና መልሼ ከተትኩት።

በሦስተኛው ቀን ዋሄንን ካላሳየሽኝ ብዬ ያዝኳት። ዋሄን በእግር ነው፤ መኪና ቢገባበትም አይወጣም። ተሸካሚዎች ከኋላ እየጮኹ በእጅ ጋሪ ይገፉሻል፣ ዞር ስትይ ደግሞ ሌላው። መንገዱ ዳር ገንዘብ መንዛሪዎች የአገሩን ገንዘብ እንደ ጡብ ደርድረው ተቀምጠዋል። አዛን ሲል ጨርቅ ጣል አድርገውበት ተነሥተው ሄዱ። ቆሜ ቀረሁ። ማን ይጠብቀዋል ብዬ ብጠይቃት ልጄ ሳቀችብኝ፤ ማንም አይነካውም እማ አለችኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቢሮ እስክሪብቶ በክር ሳስር የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ገበያ ቀናሁበት።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን የሱቆቹ ግድግዳ ነው። ስም ጽፈው አይተዉትም፤ የሚሸጡትን ነገር በሙሉ ውጭ ይሥሉታል። ጥርስ ሐኪሙ ጋ ትልቅ መንጋጋ፣ ልብስ ሰፊው ጋ መቀስና ክር፣ ሥጋ ቤቱ ጋ ሰው የሚታዘብ የምትመስል ፍየል። ማንበብ የማይችልም ሰው አይጠፋበትም። አንድ ጫማ ቤት ፊት ለፊት ቀጥ አልኩ። ከተደረደሩት ጫማዎች መካከል የአንዲት የልጅ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ይጎተታል። የልጄ ጫማ እንዲሁ ነበር፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ሁልጊዜ ጎንበስ ብዬ የማስርላት እኔ ነኝ። ይህን የሣለ ሰው ልጅ ያሳደገ ነው አልኳት። ልጄ እጄን ይዛ ወደፊት ጎተተችኝ። ያን ጊዜ ነው ጥፍሯ ሥር አረንጓዴ ቀለም ያየሁት።

ጥቂት እንደሄድን አንዲት ጨርቅ ሻጭ ከመደብሯ ወጥታ መንገድ ዘጋችብን። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ በአርባዎቹ አጋማሽ ያለች የአገሩ ሴት ናት። ልጄ አየቻትና ፊቷ ደም መሰለ። ሴትዮዋ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና ጥርት ባለ አማርኛ ተናገረች።

«እንኳን ደህና ገቡ። እኔ የልጅዎ አከራይ ነኝ፤ መሐመድ ሞጌ፣ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ሁለት ምሽት ጠበቅንዎት። ድሬዳዋ ነው ያደግሁት፣ የእናንተን ደንብ አውቃለሁ፤ ድስቱን አዲስ ገዛሁ፣ ሥጋ አልነካውም። ዓሣ ነው፣ ምስር ነው የሠራሁት። ሆቴል ይሻለኛል አሉ ሲባል ግን ቤታችን ከብዷቸው ነው አልን። ምንም አይደለም። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና መግባትዎ ነው ዋናው።»

የድሬ ልጅ አንቱታ አይቀናትም፤ ይህችኛዋ ግን በአንቱታ ነው የገረፈችኝ። ነገሩ ገባኝ። እኛ ክርስቲያኖች እስላም ያረደውን እንደማንበላ ታውቃለች፤ እንዳልሳቀቅ ብላ በሬና ፍየል ትታ፣ ድስት ሳይቀር ለይታ ጠበቀችኝ። እኔ ግን ንቄያቸው አየር ማረፊያ አጠገብ ተኝቻለሁ። የዚያ ሰፈር እንግዳ የአንድ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የግቢው ሁሉ ነው። ሰው ዘመድ እያለው ሆቴል ካደረ የሚያፍረው ሰፈሩ ነው።

ደሜ ፈላ። ሆቴል ይሻለኛል ብዬ መቼ ተናገርኩ? ወደ ልጄ ዞርኩ። መሬት መሬት ታያለች፣ እጆቿን ከኋላዋ ደብቃለች፤ ልክ ትምህርት ቤት ዕቃ ሰብራ የተያዘች ቀን እንደቆመችው። እውነቱን ብናገር እዚያው አፈር ትበላለች፤ ከዚህች ሴት ጋር ደግሞ ነገም ትኖራለች።

«ልክ ነሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ዛሬ እመጣለሁ። ምስሩ ከተረፈ።»

ሴትዮዋ ሳቀችና፣ ትኩስ እሠራልሻለሁ አለችኝ። አንቱታው እዚያው ቀረ።

ሆቴል ተመልሼ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ከልጄ ጋር ታክሲ ያዝን። እኔ ስቆጣ ዝም ካልኩ ያስፈራል ይላሉ የሚያውቁኝ። ልጄም ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ወደ መስኮቱ እያየች ነው የተናገረችው።

«እማ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ዓመት እውነቱን ነግሬሽ ነበር እኮ። ‹ቀለም እንድትቀቢ ነው ያስተማርኩሽ?› ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ሦስት ወር አልደወልሽም። ቢሮ ገባሁ ብዬ መልእክት ስልክልሽ በዚያው ቀን ደወልሽ።»

ኩም አልኩ። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው፤ አስታውሳለሁ። ስልኩን የዘጋሁበትን ወንበር ሳይቀር አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ለጎረቤት የምናገረው አጥቼ ነበር የተናደድኩት። ቢሮ ስትለኝ ደግሞ የትኛው ቢሮ፣ ምን ዓይነት ቢሮ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም፤ ሮጬ ለዘመድ አወራሁት። ልጄ የደበቀችኝ ወንድም በሽታም አይደለም። የተደበቀችው ከእኔው ነው። አለቀስኩ፤ ሹፌሩ በመስተዋት ሲያየኝ ነጠላዬን ሳብኩ።

መሐመድ ሞጌ ስንገባ አቧራው እውነት ነው። ግን የሚታይ ነገር የለም ያለችው ዓይን ያወጣ ውሸት ነው! ብሎኬት የሚያራግፉ ሠራተኞች፣ ገና የሚገነቡ ቤቶች፣ የተከፈቱ ትንንሽ ሱቆች፣ በራፍ ላይ የተቀመጡ ሴቶች። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። ወተት ቤቱ ላይ ግመል፣ ጸጉር ቤቱ ላይ በሂና የተጌጠ እጅ፣ አትክልት ቤቱ ላይ ልትነክሺው የሚያምርሽ ቲማቲም። ይህስ ስላት፣ የኔ ነው ትላለች። ያኛውስ? እሱም የኔ። የዋሄኑ ጫማስ? እሱም። መጀመሪያ ሲሚንቶ ስታቀብል፣ ከዚያ ግድግዳ ስትቀባ፣ አንድ ባለሱቅ ሎሚ ሣዪልኝ ብሏት፣ ከዚያ ወዲያ ሰዉ አለቀቃትም። በዚያ መንገድ ሁሉ ሰው ቆም እያለ ሰላም ይላታል። እሷ ወደ እኔ ስትጠቁም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ይነሱኛል። በሕይወቴ የልጄ እናት ተብዬ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት። አልጋው ግን የአከራይዋ ነው፤ ከራሷ መኝታ ቤት አውጥታ ልካው ለሦስት ቀን ባዶውን ቆሟል፣ እሷ መሬት ላይ ተኝታለች። ዓሣው ከበርበራ የመጣ ነው፤ ምስሩ ደግሞ እንደ ድሬዎች ቃሪያ የበዛበት። አዲሱን ድስት ሳይሸፍኑ ፊቴ አቀረቡልኝ፣ እንድተማመን ይመስለኛል። እስኪበቃኝ በላሁ፣ ከዚያም ጨመርኩ። ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ ሰው ሲያወራ፣ በር ሲከፈት ሲዘጋ፣ ጎረቤት ሲያስል እየሰማሁ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራዋ ተከትያት ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ የስፌት መኪና ልትሥልበት መሰላል አቁማለች። መሰላሉ አንድ እግሩ ያጥራልና እማ፣ ያዢልኝ አለችኝ። ያዝኩላት። ከታች ሆኜ ሳያት ብሩሹ አንድ ጊዜ አይሳሳትም፤ እኔ በጽሕፈት መኪና ስጽፍ ኖሬ እንደዚያ የሠራሁበት ቀን አልነበረም። ስለ ፎርሙ ማሰብ ጀመርኩ። እንዴት እንደምጀምርላት ሳይሆን እንዴት እንደምተወው።

ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ነው፣ በኢንተርኔት ደውሎ። ፎርሙ ዛሬ ካልተላከ ቦታው ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ ሞላችው ወይ ይላል። ድምፁ ጮክ ያለ ነው፣ ልጄም ትሰማለች። ደግሞ ቀጠለና፣ ቢሮዋስ እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው ወይ አለኝ።

«ቢሮ የላትም» አልኩት። «ልጄ ቀለም ቀቢ ናት። ሠዓሊ ናት። ከተማው ግድግዳ ላይ የሠራችውን ብታይ። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት፤ ልጄ ሥራ አላት። አዳማ ላሉት ዘመዶቻችን ስትነግራቸውም እንደዚሁ አድርገህ ንገራቸው።»

ከላይ የብሩሹ ድምፅ ቆመ። ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ስልኩን ዘግቼ እንባዬን በሁለት እጄ ስጠርግ ድምፅዋ መጣ።

«እማ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «መሰላሉን ያዢ እንጂ።»

ለቅቄው ኖሯል።