ኢየሩሳሌም ደርሶ የመጣው ባሌ

ባሌ ኢየሩሳሌም ሄዶ ተመልሷል። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ስለ እሱ የሚያወራኝ ሰው ሁሉ ነገሩን ከዚያ ስለሚጀምር፣ እኔው አስቀድሜ ተናግሬው ልገላገል ብዬ ነው። "አገር ያየ ሰው ነው፤ ልቡ የሰፋ ነው" ይሉኛል። የልቡን ስፋት ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልግም፤ አብሬው ኖሬያለሁ።

ንጉሡ ከተማውን ደብረ ታቦር ላይ ባደረገበት ዘመን ነው። ቤታችን ከከተማው ቁልቁል፣ ገብስና ስንዴ በሚበቅልበት ተዳፋት ላይ ነበር። መሬቱ የእሱ አባት ርስት ነው። የእኔ ርስት ደራ፣ ወንዛዬ አጠገብ ነው። እሱ ከመሄዱ በፊት ምን ዓይነት ሰው ነበር ብትሉኝ፣ እንግዳ የማይወድ ሰው ነበር። መንገደኛ ደጃችን ቆሞ "የእግዜር እንግዳ" ሲል፣ ከውሻው ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነበር። እኔ ቂጣ ደብቄ በጓሮ በኩል አቀብል ነበር። ለዚህም ተደብድቤያለሁ።

ሁለት ልጆች ወልደን ሁለቱንም ፈንጣጣ ወሰደብን። ከዚያ በኋላ እሱ "ጎልጎታን ልሳለም ተስያለሁ" አለና ተነሣ። ዘመድ ሁሉ አለቀሰለት፣ ስንቅ አዋጣለት፣ ቄሱ መስቀል አሳለሙት። እኔም እኮ ያንኑ ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። እኔን ግን ተነሺ፣ ሂጂ፣ ኀዘንሽን የሆነ ቦታ አራግፊ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሲሄድ በመጨረሻ የነገረኝ "በሬዎቹን አደራ" የሚል ነው።

በሬዎቹን ጠበቅሁ። ሴት ሞፈር አትይዝም፤ ስለዚህ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ምርቱን እየተካፈልሁ ኖርሁ። የንጉሡ ወታደር በየባላገሩ ቤት ሲመራ እኛም ቤት ተመርቶ ገባ፤ ጎተራዬን በልቶ፣ ዶሮዬን ጨርሶ፣ ጠላው ቀጠነ ብሎ ሰድቦኝ ወጣ። ሌላው ተተካ። እንዲህ ሆኜ ስንት ክረምት አሳለፍሁ። ሞቷል ያሉኝም ነበሩ። ተዝካሩን አውጪ ሲሉኝ እምቢ አልሁ፤ ስለምወደው አይደለም፣ እህል ስላልነበረኝ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን መጣ። ጠቁሯል፣ ከስቷል፤ ክንዱ ላይ መስቀል ተነቅሷል፤ በቅል የዮርዳኖስ ውኃ ይዟል። አገሩ እልል አለ። ቄሶቹ ከበሮ ይዘው እስከ ወንዙ ወርደው ተቀበሉት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኔ ባል በሚያውቁት አገር ተመልሶ አስነጠፈ። ጉልበቱን የሚስመው ሰው ደጃችንን ሞላው። ከዚያው ሳምንት ጀምሮ እኔም አንቱ እንድለው አዘዘኝ። እኩያሞች ነን፣ በልጅነት የተጋባን፣ አንተ አንቺ ተባብለን የኖርን ነን። "የጌታን መቃብር የሳመ አፍ በአንተ አይጠራም" አለኝ። እሺ ጌታዬ አልሁ።

ደግ ነገር አልነበረም አልልም፤ አንድ ቀን ነበር። ከመጣ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ሰው ተበትኖ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እግሩን ሳጥበው ተረከዙ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ያን ጊዜ ነገረኝ።

"ምጽዋ ላይ ንዳድ ጣለኝ። አብረውኝ የወጡት ምእመናን መርከብ አገኙና ትተውኝ ተሳፈሩ። አሸዋው ላይ ወድቄ አንዲት የእስላም ሴት አገኘችኝ። ውኃ ተሸክማ የምትሸጥ፣ ባል የሌላት ሴት ናት። ወደ ሰሌን ጎጆዋ ጎትታ አስገባችኝ። የማሽላ ገንፎ በጣቷ እያደረገች አጎረሰችኝ። እድፌን ሳትጸየፍ አጠበችኝ። እስክቆም ድረስ አላስወጣችኝም።"

"ምን ብላ?" አልሁት።

"ምንም። እንግዳ ነህ አለች።"

"ስሟ ማን ነው?"

"አልጠየቅኋትም" አለ።

ይህ አልጠየቅኋትም ያለው ነገር ከነከነኝ። ቢሆንም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስላየሁ፣ ይህ ሰው በእውነት ሌላ ሰው ሆኖ መጥቷል አልሁና ደስ አለኝ። እግሩን አድርቄ ቅቤ ቀባሁት።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በየማኅበሩ እየተጠራ መንገዱን ይተርክ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ያቺ ሴት "አንዲት ድኻ ሴት" ሆነች፤ እስላምነቷ ቀረ። በሚቀጥለው ማኅበር ሴትነቷም ቀረና አንድ መነኩሴ ሆነች። ፍልሰታ ሲፈታ ደግሞ ነጭ የለበሱ፣ ፊታቸው የሚያበራ ሽማግሌ ሆነው፣ ውኃ አጠጥተውት ከዓይኑ ተሰወሩ። ሰዎቹ "እጹብ ድንቅ!" እያሉ ደረታቸውን መቱ። ቤት ስንገባ ጠየቅሁት።

"ያቺን ሴት ምን አደረጓት?"

"ለሕዝብ የሚነገርና ለሚስት የሚነገር አንድ አይደለም" አለኝ። ይኸው ነው መልሱ። ውሻውም እንደ ቀድሞው ደጅ ነበር፤ መንገደኛም እንደ ቀድሞው ይባረር ነበር። ልዩነቱ ድሮ "ሂድ ከዚህ" ይል የነበረው፣ አሁን "ቤቴ በዮርዳኖስ ውኃ የተረጨ ነው፤ ሂድ ከዚህ" ማለቱ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ዝናብ የመታቸው ነጋዴዎች በአህያ ጨው ጭነው ደጃችን ደረሱ። የደሪጣ እስላሞች ናቸው። አንደኛው አህያ ላይ ሴት ተደፍታበታለች። ወንድሟ ነኝ ያለው ሰው ቀርቦ እጅ ነሣኝ።

"እመቤቴ፣ እህቴን ንዳድ ይዟታል። ገበያ ደርሰን እስክንመለስ በአንድ ጥግ ያስጠልሉልኝ። ከዚህ በላይ ይዣት ብሄድ ትሞትብኛለች።"

ሴትዮዋን አየኋት። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። አስገቡልኝ አልሁ። ጥጆች በሚያድሩበት በኩል ጭድ አንጥፌ አስተኛኋት፤ ጋቢዬን ደረብሁላት። እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ግን ለራሴ እንዲህ አልሁ፤ እንዲህ ያለ ሕመም በሰው አገር ጥሎት፣ እንዲህ ያለች ሴት ያነሣችው ሰው ነው፤ ፊቷን ሲያይ ትዝ ይለዋል። ሞኝ ነበርሁ።

ቀኑ የማኅበሩ ተራ እኛ ቤት የደረሰበት ነበርና፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቄሱንና ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። ጠላ ቀዳሁ። ዳቦው ተባረከ። እሱ እንደ ልማዱ መንገዱን እየተረከ ምጽዋ ደረሰ። "በአሸዋው ላይ ወድቄ ነፍሴ ልትወጣ ስትል፣ እነሆ ነጭ የለበሱ አባት..." እያለ ሳለ ከጥጆቹ በኩል ሴትዮዋ ቃተተች፣ "ያ አላህ" ብላም አምላኳን ጠራች። ባሌ ተረኩን አቋረጠ።

"ማን ናት?" አለኝ።

"የታመመች መንገደኛ ናት። ወንድሟ እስኪመለስ ነው።"

ተነሥቶ ሄዶ አያት። አንገቷ ላይ ማተብ የለም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ አንድ አፍታ እንኳ የራራ አይመስልም ነበር። "አስወጫት" አለ። "የተረጨ ቤት አረከስሽ! ካህን በተቀመጠበት!"

"ዝናብ ነው፤ ትሞታለች።"

"አስወጫት ብያለሁ!" ጋቢውን ከላይዋ ገፈፈው።

ያን ጊዜ አንቱው ከአፌ ወደቀ። "ምጽዋ ላይ ያጠጣችህ ማን ናት?" አልሁት። "ገንፎ በጣቷ ያጎረሰችህ፣ እድፍህን ያጠበችህ ማን ናት? ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸው። እሷም እስላም አልነበረችም? አንተንስ ቤቴን አረከስህ ብላ ወደ አሸዋው መለሰችህ?"

ቄሱ ዋንጫቸውን ያዩ ጀመር። እሱ ወደ እንግዶቹ ዞሮ "ልጆቿ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ያደርጋታል" አለ። በልጆቼ ሞት ሸፈነው። አንድ ሽማግሌም ጢማቸውን እየዳበሱ "ልጄ፣ ባልሽን በሰው ፊት አታዋርጂ፤ እኚህ ስንት አገር ያዩ ሰው ናቸው" አሉኝ።

ሴትዮዋን ደግፌ አወጣኋት። ልትራመድ አልቻለችም፤ በጀርባዬ አዘልኋት። ወደ እኩል አራሻችን ቤት ወረድሁ። አራሹም ፈራ፤ ሚስቱም ፊቷን አጠቆረች። "እኔ ምንም አላየሁም" አለና የእህል ማቆያውን ጎጆ በር ከፍቶልኝ ጀርባውን ሰጠኝ። ይህም ይበቃል፤ ከቄሱ ተሻለ። እዚያ አብሬያት ተቀመጥሁ። ላቡ እስኪወጣላት ውኃና የገብስ አጥሚት አጠጣሁ። ፍቅር በመካከላችን ወረደ እንዳትሉኝ፤ አጥሚቱ ጨው አነሰው ብላ ትነጫነጭ ነበር፣ እኔም የጠጣችበትን ቅል ለብቻው አስቀምጥ ነበር። ሃይማኖቷን ላስለውጣት አልፈለግሁም፤ እንዳትሞት ብቻ ነው የፈለግሁት።

ወንድሟ ሲመለስ ተሽሏት ተቀምጣ አገኛት። ልትሄድ ስትል ጠየቀችኝ።

"ያ ጋቢውን የገፈፈኝ ባልሽ ነው?"

"አዎ።"

"ከዚህ ወጥቶ አያውቅም?"

"ኢየሩሳሌም ደርሶ የመጣ ነው" አልኋት።

"ሩቅ ነው?"

"ባሕር ተሻግሮ ነው።"

ራሷን ነቀነቀች። "ታዲያ ያን ሁሉ ሄዶ ምን አመጣ?" አለች። የተነቀሰ ክንድና አንድ ቅል ውኃ ልበላት?

እኔ ወደዚያ ቤት አልተመለስሁም። ሽማግሌ ላክሁና ፍች ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹ ቅዱስ ሰው ፈትቶ መሄድ ነውር ነው ብለው ለመኑኝ፣ ገሠጹኝ፣ ረገሙኝም። በመጨረሻ ሲሰለቻቸው የድርሻዬን በሬና ላም ሰጥተው አሰናበቱኝ። ወንዛዬ ወርጄ በእናቴ ርስት ላይ ቤት ሠራሁ።

ወንዛዬ ፍል ውኃ አለ። ቁርጥማት ያለበት ሁሉ ከየአገሩ ይመጣበታል። ከዓመታት በኋላ እንስራዬን ይዤ ስወርድ፣ ታጥበው ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች አንዱን ከበው አየሁ። ድምፁን አወቅሁት። ሸብቷል፣ ምርኩዝ ይዟል። ተረኩ ምጽዋ ላይ ደርሶ ነበር። ቆሜ ሰማሁ። አሁን ነጭ የለበሱት ሽማግሌ ጠፍተው ያቺ ሴት ተመልሳለች። ውኃ ሻጯ፣ እስላሟ፣ ሰሌን ጎጆው፣ ሁሉም አለ። ገረመኝ። እውነቱን ሊናገር ይሆን? አልሁ። ከዚያ ቀጠለ።

"ስለዚህ አገሬ ስመለስ፣ አንዲት የታመመች የእስላም ሴት ክረምት ላይ ደጄ ወደቀች። ሚስቴ አታስገባ አለች። እኔ ግን ያቺን የምጽዋ ሴት አሰብሁ። በጀርባዬ አዝዬ አስገባኋት። ሚስቴም በዚሁ ተቆጥታ ፈታችኝ።"

ከሚሰሙት አንዷ አለቀሰች። አንድ ደብተራ "መንገድ እንዲህ ነው፤ የሰውን ልብ ያሰፋል" አለ።

"ውሸት ነው!" አልሁ። ሁሉም ዞሩ። እሱም አየኝ። አልደነገጠም። እንደ ተራ ዘመድ "እንደምን ነሽ?" አለኝ፤ ከዚያም ለሰዎቹ ዝቅ ባለ ድምፅ "ይኸውና እሷ ናት" አላቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ በክፉ ዓይን አዩኝ። ደብተራው "እናቴ፣ ስንት ዘመን ያለፈውን ነገር ይቅር ይበሉት፤ ይቅርታም ይጠይቋቸው" አለኝ።

አልጠየቅሁም። እሱንም አልረገምሁም፤ አፌን ላደክም አልፈለግሁም። እንስራዬን ሞላሁ፤ የሚያሸክመኝ አልነበረም፤ እንደ ምንም በጉልበቴ አንሥቼ አዘልሁት። ቤት ስደርስ ጥጃው ተፈትቶ እናቱን ጠብቶ ጨርሷል። ያን ቀን ወተት አልነበረም።